ማቱካና ላይ የተቀዳው ቤንዚን

ዶን አፖሊናሪዮ ሱሪቻኪ ሁለቱን ጀሪካኖች ከጭነት መኪናቸው ጋቢና ሲያወርዱ፣ መንገድ ላይ ያንቀላፋ ሕፃን የሚያወርዱ ይመስሉ ነበር። ድንቻቸውን ሊማ ገበያ አራግፈው ያን ሁሉ ዳገት ወደ ተራራ ከተማቸው ወደ ዋንካዮ ሲመለሱ፣ ጀሪካኖቹን ከጎናቸው አስቀምጠው የራሳቸውን ብርድ ልብስ አልብሰዋቸው ነበር የመጡት።

«ዘጠና ሰባት!» አሉ፣ በጋራዡ ግቢ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ዘጠና ሰባት ኦክቴን! ሊማ ውስጥ የጄኔራሎች መኪና የሚጠጣው ነው። አበልጄ፣ ነገ ቪኩኛህ መሬት አትረግጥም፤ ክንፍ ታወጣለች!»

ዶን ፋቢያን ሊማይያ እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው አበልጃቸውን አቀፉ። ቪኩኛ ያሏት መኪና ከበስተኋላቸው ኮፈኗን ከፍታ ቆማለች፤ ስሟን እንዳወረሳት የተራራ እንስሳ ቀረፋ የመሰለ ቀለም የተቀባች፣ አንድ አሮጌ የቤት መኪና በዶን ፋቢያን እጅ ለእሽቅድምድም እንደ አዲስ የተሠራች ናት። ልጃቸው ዜናይዳ ከኮፈኑ ሥር ቀና ብላ ጀሪካኖቹን ስታይ፣ ደስታና ጭንቀት አብረው መጡባት። ደስ ያላት ሳምንቱን ሙሉ ከየት ላገኘው እችላለሁ ስትል የሰነበተችው ቤንዚን ዐይኗ ሥር ስለ ቆመ ነው። የጨነቃት ደግሞ ነገ ጠዋት ሊቀዳ ስለ ሆነ ነው።

በዋንካዮ ለውድድር የምትወጣ መኪና ብቻዋን አትወጣም። ጎማዋን የሚያለብሳት የጎማ አባት፣ ቀለሟን የሚያስቀባላት የቀለም አባት ይፈለግላታል፤ ሰው ለጎረቤቱ ሠርግ ቢራውን፣ ለሰፈሩ ቡድን ማሊያውን እንደሚችለው ማለት ነው። ከሁሉ የሚከበረው ግን የቤንዚን አባት ነው። በውድድሩ ጠዋት ሙዚቀኞች እየተጫወቱ፣ ሰፈሩ ዙሪያውን ከቦ እያየ፣ ስጦታውን በገዛ እጁ ወደ ነዳጅ ቋቷ፣ ወደ ሰልባትዮዋ፣ ያንቆረቁራል፤ ከቢራው ለመሬት ጠብ አድርጎ የቀረውን ይጨልጣል፤ ከዚያ በኋላ መኪናዋ የምትሄድበት ሁሉ እርሱም አብሮ እንደ ሄደ ይቆጠራል። እንዲህ ያለውን ስጦታ መመለስ ይቅርና «ትንሽ ይቆይ» ማለት እንኳ ፊት ላይ እንደ መትፋት ነው።

ውድድሩ ከዋንካዮ ተነሥቶ ላ ኦሮያን ያልፋል፣ በረዶ የማይለየውን የቲክሊዮን ጫፍ ይረግጣል፣ ከዚያ በማቱካናና በቾሲካ አድርጎ በአንድ ትንፋሽ ወደ ባሕር ይወርዳል። ዶን ፋቢያን ሁለት ጊዜ ጀምረውት ሁለት ጊዜ ሳይጨርሱት ቀርተዋል። ሁለቱንም ጊዜ ዳገቱ ላይ ማንም አልደረሰባቸውም ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ቁልቁለቱ ሊያልቅ ሲል፣ የቾሲካ ከተማ ጣሪያዎች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ፣ ከሞተሩ ውስጥ የትንንሽ ቃጭሎች ድምፅ መጣ፤ ከዚያ ጭስ፣ ከዚያም ጸጥታ። ሰፈሩ ለነገሩ ምክንያት ካበጀለት ቆይቷል፤ «ባሕር የተራራ መኪና አይወድም» ይላል። ዘንድሮ ወገባቸው ስላስቸገራቸው ዶን ፋቢያን ይህ የመጨረሻዬ ነው ብለዋል። ሞተሩም ምትክ የለውም። ያቺን መኪና ራሳቸው ነድተው ባሕሩ ዳር ካላቆሟት፣ መቼም አያቆሟትም።

ዜናይዳ በዩኒቨርሲቲው የምህንድስና ክፍል አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ናት፤ በውድድሩም መንገድ እያነበበች ከአባቷ ጎን የምትቀመጠው እርሷ ነች። በሳምንቱ መጀመሪያ ጋራዡ ውስጥ ብሎን ስትፈልግ፣ ብሎን የሚጠራቀምበት ጣሳ ጣሳ አለመሆኑን አስተዋለች። ቾሲካ አጠገብ የተሰበረው ፒስተን ነበር። ብሎኖቹን አፍስሳ ብትገለብጠው አናቱ በረዶ የመታው የድንች ቅጠል ይመስላል፤ ተበሳስቷል። ለዓመታት ሁሉም ሰው እጁን እያስገባ ብሎን ሲያወጣበት፣ ምስክሩ አፉን ከፍቶ እዚያው ተቀምጦ ኖሯል።

ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠላት። በከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር ሁሉ ይራባል። አባቷ ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ስለዚህ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ በማሽን አስጠርበው አሳስተውታል፤ ያቺው ጥቂት አየር ጠበቅ ብላ እንድትታመቅ። በተራራው ላይ ይህ ጥበብ ነው። ቁልቁል ሲወረድ ግን አየሩ እየወፈረ ይሄዳል፤ ያ ለረሃብ የተሠራ ሞተር በጥጋብ አገር ይገባና ከልክ በላይ ያምቃል። በተራራው ማደያዎች ሁሉ የሚሸጠው ሰማንያ አራት ኦክቴን እንዲህ ያለውን መታመቅ አይችልም። የካንዴላው እሳት ሳይደርሰው በራሱ ጊዜ ይፈነዳና ፒስተኑን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ቃጭሉ እርሱ ነበር።

አባቷን ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባቻቸው።

«አባዬ፣ ነገ ጠዋት ይህ ቤንዚን መቀዳት የለበትም።»

«ምን አልሽ?»

«እዚህ ላይ ለምንም አይጠቅመንም። ቲክሊዮን ሳናልፍ ተቃጥሎ ያልቃል። ስለ ፒስተኑ የነገርኩህን አስታውስ፤ የሚያስፈልገን ከማቱካና በታች ነው። ነዳጅ ለመሙላት የተፈቀደልን የመጨረሻው ቦታም ማቱካና ነው።»

ዶን ፋቢያን በበሩ ስንጥቅ አበልጃቸውን አዩ። ጀሪካኑን ከፍተው አንድ ጎረቤት ያስሸትቱ ነበር።

«ሙዚቀኛውን በሙሉ ቀጥሯል» አሉ ቀስ ብለው። «አዲስ ባርኔጣም ገዝቷል። ክርስትና ያነሣሽን ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቢ የሥዕል መሣሪያሽን ከነሳጥኑ የገዛልሽን ሰው፣ ‹ስጦታህን ተሸክመህ ተራራ ውረድ› ልትዪው ነው?»

«እውነቱን ልነግራቸው ነው።»

«እውነትማ መልካም ነው። ግን ስሚኝ፤ ሞተር ቢሰበር እበይደዋለሁ። አበልጅ ቢሰበር በምን ይበየዳል?»

ዜናይዳ እውነት በትክክል ከተነገረ ማንንም አያስቀይምም ብላ የምታምን ልጅ ነበረች። ስለዚህ ወጥታ ለክርስትና አባቷ ነገረቻቸው።

«አባባ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ዘጠና ሰባትም ሰማንያ አራትም ለመኪናችን አንድ ናቸው።»

ዶን አፖሊናሪዮ ሳቁ። «ውሃና ወተት አንድ ነው በዪኝ እንጂ!»

«እውነቴን ነው።»

«መጽሐፍሽ እንዲያ ካለ ዳገቱ ምን ይላል? በይ እንጠይቀው!»

ግማሹ ሰፈር ተከትሏቸው ከከተማው ውጭ ወዳለው ዳገት ወጡ። ዜናይዳ ትንሽ ቆርቆሮ ከካርቡራተሩ በላይ አንጠልጥላ፣ መጀመሪያ ሰማንያ አራቱን፣ ቀጥላ ዘጠና ሰባቱን ከጀሪካኑ በጥንቃቄ ጨልፋ ሞላች። ዶን ፋቢያን ሁለቱንም ጊዜ ያለ ርኅራኄ ረገጡ። ዶን አፖሊናሪዮ ጫፍ ላይ ቆመው በእጅ ሰዓታቸው ለኩ። በሁለተኛው ዙር ቀጭኗ የሰከንድ ቆጣሪ የመጀመሪያው ዙር ላይ በደረሰችበት ቦታ ደረሰች። ሰዓቱን በጣታቸው ቆረቆሩት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። ሰዓቱ አልቆመም።

«አዩ?» አለች ዜናይዳ ፊቷ በርቶ። «ቅንጣት ታህል ለውጥ የለም!»

ከሙዚቀኞቹ መካከል ትልቁን መለከት፣ ቱባውን፣ የሚነፋው ኑንሲዮ፣ ትንፋሹንም ቀልዱንም መቆጠብ የማያውቅ ሰው ነውና፣ ከኋላ ሆኖ ጮኸ። «እንግዲያው ዶን አፖሊናሪዮ፣ ከሊማ ድረስ ብርድ ልብስ አልብሰው ያመጡልን የላማ ሽንት ነው በሉኛ!»

ዳገቱ በሳቅ ተናጋ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የኑንሲዮ ቀልድም የዜናይዳ ደስታም የሚመለሱበት መንገድ አልነበራቸውም። የእውነቱን ግማሽ፣ ያውም የሚያቆስለውን ግማሽ፣ አስቀድማ መናገሯ የገባት የክርስትና አባቷን ፊት ስታይ ነው። አዲሱን ባርኔጣ አውልቀው ውስጡን ያዩ ነበር።

«አባባ፣ ገና አልጨረስኩም እኮ…»

«ጨርሰሻል የኔ ልጅ። ዳገቱም ጨርሷል።»

ጀሪካኖቹን መልሰው በብርድ ልብሱ ጠቀለሉና ጭነው ሄዱ። ዶን ፋቢያን ልጃቸውን አልተቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ዜናይዳ ወደ ክርስትና አባቷ ቤት ሄደች። ዶን አፖሊናሪዮ አልነበሩም፤ ባለቤታቸው ዶኛ ክሌሜንሲያ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ።

«መጣሽ?» አሏት ቢላዋቸውን ሳያቆሙ። «ባሌን ደህና አድርገሽ ልጠሽ ላክሽልኝ፤ ከድንቹ አሳንሰሽ።»

ዜናይዳ እንባዋ መጣ። «እትዬ፣ ቤንዚኑ ከንቱ ነው ማለቴ አልነበረም። ቤንዚኑ ሕይወታችን ነው። ቦታው እዚህ አይደለም ማለቴ ነው።»

«በደንብ አስረጂኝ እንግዲህ። እኔ ምህንድስና አልተማርኩም፤ ያም ሆኖ ደደብ አይደለሁም።»

ዜናይዳ ስለ አየሩ፣ ስለ መታመቁ፣ ስለ ቴስታታው ልትጀምር አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ሳህኑ ውስጥ የተላጠውን ድንች አየች።

«እትዬ፣ ሊማ ያሉት እህትዎ ድንች ሲቀቅሉ ምን ይላሉ?»

«እሷማ ትማረራለች። የእኛን ዱቄታም ድንች እልክላትና ‹ውስጡ ሳይበስል ላዩ ፈነዳብኝ› ትላለች። እዚያ ድስቱ ይቆጣል፤ እዚህ ደግሞ ረጋ ብሎ ነው የሚፈላው።»

«እዚህ ረጋ ባለው ድስት ውስጥ ዱቄታሙንም ጠንካራውንም ብንቀቅል ለውጥ አለው?»

«የለውም፤ ሁሉም ደህና ይበስላል።»

«የአባቴ ሞተርም እንደ ድስት ነው። ሲወርድ ይቆጣል። የኛ ሰማንያ አራት ዱቄታሙ ድንች ነው፤ ሳይበስል ይፈነዳል። አባባ ያመጡት ግን ቁጣውን ችሎ ጊዜውን የሚጠብቅ ነው። ኦክቴን ማለት የቤንዚኑ ጉልበት አይደለም እትዬ፤ ትዕግሥቱ ነው። እዚህ ታጋሽ መሆን አያስፈልገውም፤ የሚያስቆጣው የለማ። ከማቱካና በታች ግን እርሱ ከሌለ አባቴ ባሕሩን አያይም።»

ዶኛ ክሌሜንሲያ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። አንድ ድንች አንሥተው ገለባበጡት።

«ታዲያ ጠዋት ለምን እንዲህ አላልሺውም?»

«ትክክል መሆኔ ደስ ስላለኝ ቸኮልኩ።»

«አንቺም ሰማንያ አራት ነሽ በዪኛ!» አሉና ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «እነግረዋለሁ። ይሰማል ግን አልልሽም። የባሌ ጆሮ ከልቡ ኋላ ነው የሚደርሰው፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ያድራል።»

በማግስቱ ጠዋት አደባባዩ ላይ መኪኖች በየተራ ቆመው፣ በየመኪናው ዙሪያ ሙዚቃ ሲደልቅ፣ በቪኩኛ ዙሪያ ጸጥታ ነበር። የቤንዚን አባቷ አልመጡም። የባሰው ደግሞ ሙዚቀኞቹም አልመጡም፤ ኑንሲዮ እንኳ ከነቱባው የለም። «ሰውየው ሙዚቃውንም ይዞ ነው የተቀየመው» ተባለ፤ እንዲህ ያለ ቅያሜ በዋንካዮ ታይቶ አይታወቅም። ዜናይዳ ዐይኗን ወደ መሬት ተከለች።

ዶን ፋቢያን ከማደያው ሰማንያ አራት አስቀዱ፤ ያውም ዜናይዳ እንዳለችው፣ ማቱካና ሲደርሱ ሰልባትዮው ሊደርቅ ጥቂት የሚቀረው ሆኖ።

«ባይመጣስ?» አሉ መሪውን ጨብጠው።

«ከማደያው እንሞላለን፤ የካንዴላውን እሳት ጊዜ አዘገየዋለሁ፤ ቀስ ብለን እንወርዳለን። ሁሉም አልፎን ይሄዳል፤ ሞተራችን ግን ምናልባት ይተርፋል።»

«ምናልባት።»

«ምናልባት አባዬ። ከዚህ በላይ ልዋሽህ አልችልም።»

ዶን ፋቢያን አንገታቸውን ነቀነቁ። «ሁለት ጊዜ በገመድ ተጎትቼ ተመልሻለሁ። በራሴ ጎማ መጨረሻ መውጣትም ለእኔ ማዕረግ ነው።» ቀጥለው ሳቅ አሉ። «እናትሽ ብትኖር ‹ሁለታችሁም ምላሳችሁን ሳይሆን መኪናችሁን አፍጥኑ› ትል ነበር።»

ባንዲራው ወረደ።

ቪኩኛ ዳገቱን እንደ ገዛ ደጇ ወጣችው። ላ ኦሮያ ላይ ሁለት መኪኖችን ኋላቸው ጣሉ። ከዚያ በላይ፣ መንገዱ እንደ ተጣለ መቀነት በተጠማዘዘበት ቦታ፣ ከሊማ የመጣ አንድ የሚያብረቀርቅ መኪና ላይ ደረሱ። ባለቤቶቹ ከባሕር ማዶ ያስመጡትን የእሽቅድምድም ቤንዚን በርሜል ትናንት አደባባዩ ላይ ሲያስጎበኙ ነበር። አሁን ያ ሁሉ ኦክቴን በስሱ አየር ውስጥ የሚታገሠው ነገር አጥቶ በከንቱ ይነድዳል።

«ቀኝ፣ ረጅም፣ ሳትፈራ!» አለች ዜናይዳ፤ አባቷም ሳይፈሩ አለፉት።

ቲክሊዮ ላይ በረዶ በጣለበት ጫፍ አልፈው አፍንጫቸውን ወደ ባሕር አዞሩ። ቁልቁለቱ ተጀመረ፤ የዜናይዳ ልብም አብሮ ወረደ። መንገዱን እያነበበች በአንድ ጆሮዋ ሞተሩን ታዳምጣለች። የነዳጁ ቆጣሪ ወደ ባዶው ተጠግቷል። ማቱካና ሊደርሱ ሲሉ ግን አባቷ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ቃጭል ሰማሁ» አሉ።

ዜናይዳ አዳመጠች። እርሷም ሰማች። ግን ከሞተሩ አልነበረም።

«አባዬ፣ ሳክስፎን ነው።»

ከመታጠፊያው ሲወጡ ነዳጅ መሙያው ግቢ ውስጥ የዶን አፖሊናሪዮ የጭነት መኪና በአበባ ተሸልማ ቆማለች። በላይዋ በድንች ጆንያ ላይ የተደረደሩት ሙዚቀኞች የሰፈሩን የተራራ ዘፈን፣ ዋይኖውን፣ ያለ ልክ ይነፋሉ፤ ኑንሲዮ ቱባው ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረው። ከመኪናዋ ፊት ዶን አፖሊናሪዮ በአዲሱ ባርኔጣቸው፣ ሁለቱ ጀሪካኖች በእግራቸው ግራና ቀኝ፣ እንደ ሙሽራ አባት ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ዘገያችሁ!» አሉ። «መንገዱ ሳይዘጋ ብለን ሌሊቱን ስንወርድ አደርን። እነዚህ ጥጋበኞች ጆንያዬን ሁሉ ተኝተውበት ድንቼን ንፁህ አድርገው አሽተውልኛል።»

ዜናይዳ ከመኪናው ወርዳ ፊታቸው ቆመች። «አባባ…»

«ዝም በዪ፤ ቤንዚን እየቀዳሁ ነው» አሉ ጀሪካኑን እያነሡ። ቤንዚኑ ይንቆረቆር ጀመር። «ክሌሜንሲያ ስለ ድንቹ ነገረችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ድንች የሸጥኩ ሰው፣ በድንች ከመጣችብኝ ልጅ ጋር ምን ብዬ እከራከራለሁ?»

«ግማሹን ብቻ ነበር የነገርኩዎት። ይቅር ይበሉኝ።»

«ግማሹ የኔ ነው። እኔ የዋንካዮ ሰው እንዲያየኝ ነበር የፈለግኩት፤ መኪናዋ የት እንደሚጠማት አልጠየቅኩም።» ዞር ብለው ተሰብስቦ የሚያየውን የማቱካና ሕዝብ አዩ። «እነዚህን አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ግን እዪ፣ ያጨበጭባሉ! ያውም አሳምረው ያጨበጭባሉ።»

ዶን ፋቢያን መሪያቸውን ሳይለቁ እጃቸውን በመስኮት ሰደዱ። አበልጃቸው ያዟት። ያን ጊዜ ኑንሲዮ ከላይ ሆኖ ጮኸ። «ዶን ፋቢያን፣ የላማ ሽንት ያልኩትን ይርሱልኝ! እንደ ጠበል ይቁጠሩት!»

ቢራው ለመሬት ጠብ ተደረገ። ከሁለተኛው ጀሪካን ሥር ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ ሰልባትዮው ሞልቶ እምቢ አለ። ቪኩኛ ወጣች።

ከዚያ በታች ያለውን መንገድ ዜናይዳ በሕይወቷ እንዲህ አዳምጣ አታውቅም። ሙቀቱ በየመታጠፊያው እየወፈረ መጣ፤ ገደሎቹ ቡናማ ሆኑ፤ አየሩ ጨው ጨው መሽተት ጀመረ። ሞተሩ በዚያ ወፍራም አየር ውስጥ ድምፁ ጎላ፤ ጉልበቱም ጨመረ። ተራራ ላይ የተነፈገውን ሁሉ አሁን እየተመገበ ነበር፤ የሚቀርብለትንም ሁሉ ያ ቤንዚን ሳይቸኩል ይቀበለዋል።

የቾሲካ ጣሪያዎች ከሩቅ ታዩ። ዶን ፋቢያን እግራቸውን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አነሣ አደረጉ፤ ግንባራቸው በላብ ተነክሯል። ሁለት ጊዜ የተቀበሩበት ቦታ ነው።

«ርገጠው አባዬ።»

«ቃጭሉስ?»

እጇን በመኪናዋ ደረት፣ በዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋች፤ በመዳፏ አዳመጠች። «የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ርገጠው።»

ረገጡት። ቪኩኛ በጣሪያዎቹ መካከል፣ በተዘረጉት ልብሶች ሥር፣ ሁለት ጊዜ ዘይቷን ያፈሰሰችበትን አስፋልት እንደ ቀስት አለፈችው። ዶን ፋቢያን እየነዱ ያለቅሱ ነበር፤ ዜናይዳም አይታ እንዳላየች መንገዷን ማንበብ ቀጠለች።

አላሸነፉም። ከሊማ የመጣው የሚያብረቀርቅ መኪና ቁልቁለቱ ላይ ያ ውድ ቤንዚኑ ሥራ አግኝቶ መልሶ አለፋቸው፤ ሌሎችም ቀደሟቸው። ሽልማት በሚሰጥበት መድረክ ላይ ማንም ስማቸውን አልጠራም። ዶን ፋቢያን ግን መኪናቸውን የመጨረሻው መስመር ላይ አላቆሙም፤ በዝግታ እየነዱ አሸዋው እስኪጀምር ወሰዷትና አፍንጫዋን ወደ ውሃው አድርገው አቆሟት። ሞተሩን አላጠፉም። በሰላም ሲያንሾካሹክ ለረጅም ጊዜ አዳመጡት።

«እንዲህ ነው እንዴ ድምፁ?» አሉ። «እዚህ ታች እንዲህ እንደሚያምር አላውቅም ነበር።»

መንገዱ ሲከፈት የጭነት መኪናዋ ከነሙዚቃዋ ደረሰች። ኑንሲዮ ጫማውን አውልቆ ሮጦ በቱባው አፍ የባሕር ውሃ ሞላና ቪኩኛን ሊያጠምቃት መጣ። ዜናይዳ እጇን ዘርግታ ኮፈኑ ላይ ተደፋች።

«ጨው ነው! ጨው ነው አንተ፣ ትዝጋለች!»

ውሃው እራሷ ላይ ፈሰሰ። ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉ በላይ የሳቁት ዶን አፖሊናሪዮ ነበሩ፤ ባርኔጣቸው ወድቆ ነፋስ ሲገፋው እንኳ ሳቃቸውን ማቆም አልቻሉም። ዜናይዳ ሮጣ ባርኔጣውን ያዘችላቸው፤ አሸዋውን አራግፋ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው፤ ከዚያ ከጨው ውሃው ጋር እጃቸውን ሳመች።

ሲመለሱ ዶን ፋቢያን ቪኩኛን ቀስ ብለው እየነዱ ከፊት ሄዱ፤ እርሷ ከክርስትና አባቷ ጋር ጋቢና ውስጥ ተቀመጠች። ከሁለተኛው ጀሪካን ሥር የቀረው ጥቂት ቤንዚን መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ይንቦጫረቃል።

«የቀረውን ምን እናድርገው?» አሉ ዶን አፖሊናሪዮ። «ይቺ መኪናዬ ናፍጣ ነው የምትጠጣው። ሞተር ብስክሌቴ ላይ ባደርገውስ? ዋንካዮ ላይ ያበርራታል?»

«አያበርራትም አባባ። እንደ ወትሮዋ ነው የምትሄደው።»

«እንዲያም ሆኖ ላድርግላት?»

«ያድርጉላት» አለች።

ማቱካናን ሲያልፉ ብርዱ መጣ። ከዚያ በላይ ያ ቤንዚን የትኛውንም ቤንዚን እንደማይበልጥ በመንገዱ ላይ ካለ ሰው ሁሉ አብልጣ የምታውቀው እርሷ ነበረች። ብርድ ልብሱን አንሥታ ጀሪካኑን እስከ አንገቱ አለበሰችው፤ እንዳይናወጥም እስከ ዋንካዮ ድረስ በክንዷ ደግፋ ያዘችው።